የቦዬ ጉማሬ ማታ ማታ ወዴት ይሄዳል?

ጉማሬ ቀን ውሃ፣ ማታ ሣር ይፈልጋል። ከዚህ ሌላ ብዙ ጥያቄ የለውም። ውሃው ጀርባውን ከሸፈነለት፣ ሣሩም ጎህ ሳይቀድ ደርሶ ሊመለስ የሚችልበት ርቀት ላይ ከሆነለት፣ ከሰው ጋር የሚያጣላው ጉዳይ ጥቂት ነው። ጅማ ላይ ነገሩን ያከበደው ሁለቱም በአንድ ጊዜ መጥበባቸው ነው። በከተማዋ ጠርዝ ያለው የቦዬ ረግረግ ባንድ በኩል ለጡብ በሚቆፈረው ሸክላ አፈር፣ በሌላ በኩል በባሕር ዛፍና ረግረጉን እያንጣፈጠ በሚዘልቀው እርሻ ይበላል። ከመሃል ከተማ በአዌቱ ወንዝ የሚወርደው ቆሻሻም ይጨመርበታል። ግልገል ጊቤ ግድብ ዳር ያለው ገበሬም ከጉማሬ ጋር የሚተዋወቀው በማሳው ላይ ነው። ከዚያ በኋላ የሚወራው አንድ ነገር ብቻ ይሆናል፦ ጉማሬ ክፉ ነው።

ክፋት የሚባለው ነገር መነሻው ሰውነቱ ነው። ለምን በሌሊት ብቻ እንደሚወጣ፣ ለምን በቆሎ ውስጥ እንደሚገኝ፣ ውሃ ዳር ያገኘውን ሰው ለምን እንደሚያባርር፣ ከቆዳው እስከ ጅራቱ እያያችሁ ብትሄዱ መልሱን ታገኙታላችሁ። ይህን የምንጽፈው በተለይ ለተማሪዎች ነው፤ ከትምህርት መልስ ከብት ለሚያግዱ፣ ውሃ ለሚቀዱ፣ ረግረግ ወርደው ሣር ለሚያጭዱ።

በኦሮምኛ ስሙ ሮቢ ነው። አሳማ ይመስላል እንጂ የአሳማ የቅርብ ዘመድ አይደለም። ከራሱ ከጉማሬ ወገን ውጭ፣ ዛሬ በሕይወት ካሉ እንስሳት ሁሉ ለጉማሬ የሚቀርበው ዓሣ ነባሪ ነው። ሴቷ ከ1,300 እስከ 1,500 ኪሎ ግራም አካባቢ ትመዝናለች፤ ትልቅ ወንድ ከ3,000 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል። ከፍታው ግን ትከሻው ላይ ሲለካ ከ1 ሜትር ተኩል ብዙም አይበልጥም። ማለትም ያ ሁሉ ክብደት ያረፈው አጫጭር አራት እግሮች ላይ ነው። ይህን ያዙት፤ ስለ ቦይና አጥር ስንነጋገር እንመለስበታለን።

ቆዳው ወፍራም ነው፣ ፀሐይ ግን አይችልም

የጉማሬ ቆዳ ጎኑና ጀርባው ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይወፍራል። ዱሮ አለንጋ ይሠራበት የነበረው ለዚህ ነው፤ አያቶቻችሁን ብትጠይቁ የጉማሬ አለንጋ ምን ያህል እንደሚያቃጥል ይነግሯችኋል። የሚገርመው የዚያ ወፍራም ቆዳ የላይኛው ሽፋን ስስ መሆኑ ነው። አፉ ዙሪያና ጅራቱ ጫፍ ላይ ካለው ጥቂት ጭገር በቀር ጸጉር የለውም ማለት ይቻላል። በዚያ ስስ ሽፋን በኩል ከሰውነቱ የሚተነው ውሃ ከሌሎች ትልልቅ እንስሳት ይበልጣል። እንደ ሰው ወይም እንደ ፈረስ ማላብም አይችልም። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ቢውል ቆዳው ደርቆ ይሰነጠቃል፣ ሰውነቱም ይግላል። ስለዚህ ቀን ውሃ ውስጥ መዋል ለእሱ ግዴታ ነው።

በላብ ፈንታ ቆዳው ውስጥ ካሉ ዕጢዎች ወፈር ያለ ፈሳሽ ያመነጫል። ፈሳሹ ሲወጣ ቀለም የለውም፤ ከደቂቃዎች በኋላ ቀይ ይሆናል፣ ቆይቶ ወደ ቡናማ ይዞራል። "ጉማሬ ደም ያልበዋል" የሚባለው ከዚህ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የጃፓን ተመራማሪዎች በዚህ ፈሳሽ ውስጥ አንድ ቀይ፣ አንድ ብርቱካናማ ቀለም ለይተው አወጡ። ሁለቱም ጎጂውን የፀሐይ ጨረር ያስቀራሉ፤ ቀዩ በተጨማሪ ባክቴሪያ እንዳይራባ ይከለክላል። በአንድ እንስሳ ቆዳ ላይ የፀሐይ ቅባትና የቁስል መድኃኒት በአንድነት መገኘታቸው ነው።

አሁን ወደ ቦዬ እንመለስ። ጉማሬ የሚመቸው ጥልቀት 1 ሜትር ተኩል አካባቢ ነው፤ እግሩ ታች ቆሞ፣ አፍንጫው ላይ ወጥቶ የሚተነፍስበት። ረግረጉ ደለል ሲሞላ ወይም በበጋ፣ በተለይ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ፣ ውሃው ሲሸሽ ያ ጥልቀት የሚገኘው ጥቂት ቦታ ላይ ብቻ ይሆናል። ያን ጊዜ ጉማሬዎቹ አንድ ኩሬ ውስጥ ይታጨቃሉ። ወንዶቹ ይዋጋሉ፣ የተሸነፈው ሌላ ውሃ ፍለጋ ይወጣል። ማንም ባልጠበቀው ቦታ፣ አንዳንዴም በጠራራ ፀሐይ፣ ብቻውን የሚንከራተት ጉማሬ ብዙውን ጊዜ እንዲህ የተባረረ ወንድ ነው። እሱ በተለይ አደገኛ ነው።

ውሃ ውስጥ ስንት ጉማሬ አለ?

ዓይኑ፣ ጆሮውና የአፍንጫው ቀዳዳ ሦስቱም ከጭንቅላቱ አናት ላይ፣ በአንድ መስመር ማለት ይቻላል፣ ተደርድረዋል። ሌላው ሰውነቱ ጠልቆ ሳለ ያያል፣ ይሰማል፣ ይተነፍሳል። ሲሰምጥ አፍንጫውን እንደ ከረጢት አፍ ይዘጋል፣ ጆሮውን ያጥፋል። አዋቂው 5 ደቂቃ ያህል ሳይተነፍስ መቆየት ይችላል። ተኝቶም ቢሆን ሳይነቃ ብቅ ብሎ ተንፍሶ ተመልሶ ይሰምጣል።

ዋናተኛ ነው ብላችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። አጥንቱ ከባድ፣ ሰውነቱ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ አይንሳፈፍም። ታች ያለውን መሬት እየረገጠ ይራመዳል፣ ሲፈልግም ከታች እየተስፈነጠረ ይሮጣል።

ለሳይንስ ክበብ የሚሆን ሥራ ይኸውና። ጉማሬ ለመቁጠር አንድ ጊዜ ዓይን ጥሎ መሄድ ዋጋ የለውም፤ ግማሾቹ ሁልጊዜ ከውሃ በታች ናቸው። ቢያንስ 50 ሜትር ርቃችሁ፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ፣ ከአስተማሪ ወይም አካባቢውን ከሚያውቅ ትልቅ ሰው ጋር ቁሙ። ጥሩው ጊዜ በበጋ፣ ከጠዋቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ነው፤ ውሃው ጎድሎ አንድ ላይ ስለሚሰበሰቡ። ለ20 ደቂቃ ያህል በየሁለት ደቂቃው የሚታየውን ጭንቅላት ቁጠሩና ጻፉ። ከአሥሩ ቁጥሮች የምትወስዱት ትልቁን ነው። አማካይ መውሰድ የተለመደ ስህተት ነው፤ አማካዩ የሰመጡትንም ያልነበሩ ያስመስላቸዋል። ግልገሏ ከእናቷ አንገት ጥግ ስለማትርቅ እሷን ለብቻ መዝግቡ። ይህን በየዓመቱ በተመሳሳይ ወር የደገመ ትምህርት ቤት ስለ ቦዬ ከወሬ የተሻለ ነገር በእጁ ይኖረዋል።

ጥርሱ ለሣር አይደለም

ጉማሬ አፉን ሲከፍት 150 ዲግሪ ድረስ ይበረግደዋል። የታችኛው ክራንቻ እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ዕድሜ ልኩን ያድጋል፤ ከላይኛው ጋር እየተፋጨ ይሳላል። እንዲህ ያለ መሣሪያ ይዞ ሣር ይበላል ቢባል ማን ያምናል? እውነትም በክራንቻው አንዲት ሣር አይቆርጥም። ክራንቻው ለጠብ ነው። ሣሩን የሚይዘው በከንፈሩ ነው፤ ከንፈሩ እስከ ግማሽ ሜትር ይሰፋል፣ ጠርዙም ጠንካራ ነው። በሁለት ከንፈሮቹ ጨምድዶ በጭንቅላቱ ውዝዋዜ ይነጨዋል፣ የኋላ መንጋጋው ይፈጨዋል።

በዚህ አፍ መጋጥ የሚመቸው አጭር ሣር ነው፤ ሰርዶና እሱን የመሰለ መሬት ለመሬት የሚሄድ። ረግረጉን የሞላው ፊላና ደንገል አረንጓዴ ስለሆነ "ይኸው ምግቡ፣ ምን ጎደለበት?" የሚሉ ሰዎች አሉ። ምግቡ እሱ አይደለም። የጉማሬ ምግብ ከረግረጉ ጠርዝ ውጭ፣ ደረቅ መሬት ላይ ያለው ግጦሽ ነው፤ ከብቶቻችንም የሚፈልጉት እሱኑ ነው። መጀመሪያ ታርሶ የሚያልቀውም እሱ ነው።

በአንድ ሌሊት 40 ኪሎ ግራም ያህል ሣር ይበላል። አንድ አህያ የሚሸከመው ማለት ነው። ብዙ ይመስላል፤ ለዚያ ክብደት ግን ትንሽ ነው፣ ከራሱ ክብደት ሲሰላ ላም ከእሱ የበለጠ ትበላለች። ቀኑን ሙሉ ውሃ ተሸክሞት ስለሚውል ጉልበቱ አይባክንም። ሆዱ ብዙ ክፍል አለው፤ ሣሩ እዚያ ቆይቶ ይብላላል፤ እንደ ላም ግን አያመሰኳም።

ሲመሽ ወጥቶ 5 ወይም 6 ሰዓት ይግጣል። ብዙውን ጊዜ 3 እና 4 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ሣር ካጣ እስከ 8 እና 10 ሊርቅ ይችላል። ጠቡ የሚጀመረው እዚህ ላይ ነው። በድሮው የግጦሽ ቦታ በቆሎ ሲበቅል ጉማሬው በቆሎውን ይበላል፤ በቆሎም የሣር ዘር ነው፤ ለጋ ቅጠሉ ደግሞ ከሰርዶ ይለሰልሳል። ማሳ ውስጥ የገባ ጉማሬ ከሚበላው የሚረግጠው ይብሳል። በጠዋት ማሳውን ያየ ገበሬ አንድ መንጋ ያደረበት ቢመስለው አይፈረድበትም።

የመንገዱ ምልክት

ጉማሬ ለዓመታት የሚመላለሰው በአንድ መንገድ ነው። መንገዱን ከከብት መንገድ ለመለየት መሃሉን እዩት። የግራና የቀኝ እግሮቹ ተራርቀው ስለሚያርፉ ሁለት ትይዩ ቦዮች ይቆፍራል፤ በሁለቱ መካከል ያልተረገጠ፣ ሣር ያበቀለ ጉብታ ይቀራል። መኪና ያለፈበት የጭቃ መንገድ ይመስላል። የእግሩ ዱካ አራት ጣት አለው፣ አራቱም ፊት ለፊት ተዘርግተው መሬት ይረግጣሉ፤ የከብት ሰኮና ለሁለት የተሰነጠቀ ስለሆነ አይምታታም። በመንገዱ ዳር ቁጥቋጦና ጉቶ ላይ የተረጨ እበት ካያችሁ ጥርጣሬ አይኑራችሁ።

እበቱን የሚረጨው በጅራቱ ነው። ጅራቱ አጭርና ጠፍጣፋ ነው፤ እየጸዳዳ ሳለ ግራና ቀኝ በኃይል ያማታዋል። ውሃ ውስጥ አንዱ ወንድ የራሴ የሚለው ክልል አለው፤ በሐይቅ ዳር ጥቂት መቶ ሜትር ይሆናል። ክልሉ ውሃው ላይ ብቻ ነው፤ ሣር ላይ ግን ማንም ማንንም አይከለክልም፤ ለየብቻ ይግጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ በሞዛምቢክ የተደረገ ጥናት ጉማሬዎች የጎረቤታቸውን ድምፅ ከእንግዳ ድምፅ እንደሚለዩ አሳይቷል። የእንግዳ ድምፅ በተሰማቸው ጊዜ እበት መርጨቱ ባሰ። እንግዲህ ጉማሬን ከአንድ ውሃ ወደ ሌላ ወስዶ መጣል ቀላል መፍትሔ የሚመስለው ሁሉ ይህን ያስብ።

ሴቷ 8 ወር ገደማ አርግዛ አንድ ግልገል ትወልዳለች፤ ስትወለድ ከ25 እስከ 50 ኪሎ ትመዝናለች። ውሃ ውስጥ ሰምጣ ትጠባለች፣ ውሃው ሲጠልቅባት እናቷ ጀርባ ላይ ትወጣለች። በሚቀጥለው ግልገልና በዚህኛው መካከል ብዙ ጊዜ ሁለት ዓመት ያልፋል። አንድ እናት ከሞተች መተካቱ ረጅም ዓመት የሚወስደው ለዚህ ነው። በመላው አፍሪካ የቀሩት ከ115,000 እስከ 130,000 ይገመታሉ። በአገራችንም በሕግ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን ያስጠይቃል።

እበቱ ውሃውን ይመግባል፣ ያንቃልም

ሣር ስትነጩ እጃችሁን የሚቆርጣችሁ ሲሊካ የሚባል አሸዋ መሰል ነገር በውስጡ ስላለ ነው። ጉማሬ ሣሩን ከመስክ አንስቶ ሲሊካውን ውሃ ውስጥ ይጥላል። በኬንያ የማራ ወንዝ ላይ በተደረገ ጥናት ጉማሬዎቹ በቀን 400 ኪሎ ግራም ያህል ሲሊካ ወደ ውሃው እንደሚያስገቡ ተሰልቷል። ዲያቶም የሚባሉት በዓይን የማይታዩ ዋቅላሚዎች ሽፋናቸውን የሚሠሩት በዚሁ ነው፤ እነሱን ትንንሽ ነፍሳት ይበላሉ፣ ነፍሳቱን ዓሣ ይበላል።

እዚሁ ማራ ላይ ሌላም ነገር ታይቷል። በበጋ ውሃው ቆሞ እበት ሲጠራቀም፣ ባክቴሪያ እበቱን ሲያፈርስ በውሃው ያለውን ኦክስጅን ይጨርሳል። ከዚያ ድንገት ዝናብ መጥቶ ያን ውሃ ወደ ታች ሲገፋው ዓሣ ታፍኖ ያልቃል። ጉዳዩ ቦዬን ለምን ይመለከታል ብትሉ፣ የሚያፈርሱት ባክቴሪያዎች የጉማሬ እበትና የከተማ ቆሻሻ አይለዩም። የሚፈስ ውሃ ብዙ እበት ይሸከማል፤ የቆመና የጎደለ ውሃ ላይ የአዌቱ ቆሻሻ ሲታከል ግን ሸክሙ ይበዛበታል። ያን ጊዜ ጥፋቱን ሁሉ ለጉማሬው መስጠት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ከጉማሬ ጋር ብትገናኙ

የዛጋ ጉማሬ እንቅልፍ አልመጣበትም፤ ጥርሱን እያሳየ ነው። እናንተን እያየ አፉን ከከፈተ፣ ጭንቅላቱን ውሃ ላይ ካማታ ወይም አጉረምርሞ ከሰመጠና የውሃው አረፋ ወደ እናንተ እየመጣ ከሆነ ጊዜ የለም፤ ከውሃው ራቁ።

በየብስ ላይ ሲፈራ የሚሮጠው ወደ ውሃ ነው። በእሱና በውሃው መካከል የቆመ ሰው መንገድ የዘጋበት ጠላት ይመስለዋል። ብዙ ሰው የሚጎዳው ንጋት ላይ ነው፤ እሱ ከግጦሽ ሲመለስ፣ ሰው ውሃ ሊቀዳ ሲወርድ ይገጣጠማሉ። አጭር እግሩ አያታላችሁ፤ ለአጭር ርቀት በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። እ.ኤ.አ. በ2024 እንግሊዝ አገር በቪዲዮ የተደረገ ጥናት በፍጥነት ሲሶመሱም አራቱም እግሮቹ ለቅጽበት ከመሬት እንደሚነሱ አሳይቷል። ሮጣችሁ አታመልጡትም። ወደ ጎን ከመንገዱ ውጡ፣ ትልቅ ዛፍ ወይም ኩይሳ በመካከላችሁ አድርጉ፣ ከተቻለ ዛፍ ላይ ውጡ። ወደ ውሃው በኩል ግን በፍጹም አትሽሹ። ድንጋይ መወርወርና በወንጭፍ መምታት ጉማሬውን ያስቆጣዋል እንጂ አያባርረውም።

ሞቶ የተገኘ ጉማሬ ደግሞ ሌላ አደጋ ነው። ጉማሬን አባ ሰንጋ ይገድለዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ናሚቢያ ውስጥ ከ100 በላይ ጉማሬዎች በዚሁ በሽታ አልቀዋል። አባ ሰንጋ ወደ ሰውም ወደ ከብትም ይተላለፋል። ሥጋውን መቁረጥ፣ ቆዳውን መግፈፍ፣ ውሻ ማስጠጋት አይገባም። ከብቶቹን ከአካባቢው አርቆ ለእንስሳት ሐኪም ወይም ለቀበሌ መንገር ነው።

ማሳውን እንዴት?

ማማ ላይ ሆኖ መጠበቅ፣ ጅራፍ ማጮህ፣ እሳት ማንደድ፣ ባትሪ ዓይኑ ላይ ማብራት፣ ሁሉም ለጥቂት ሌሊት ይሠራሉ። ጉማሬው ምንም እንደማይከተል ሲያውቅ ይለምደዋል። የእሾህ አጥር ለከብት እንጂ 5 ሴንቲ ሜትር ቆዳ ላለው አይሆንም።

የሚሻለው ያን አጭር እግር መጠቀም ነው። ጉማሬ መዝለል አይችልም፤ ጉልበት የሚያህል እንቅፋት ካገኘ ዙሮ ይሄዳል። ከባሕር ዛፍ ወፍራም አጣና ሁለት ረድፍ አግድም ማሰር፣ ታችኛው ከመሬት ግማሽ ሜትር፣ ላይኛው 1 ሜትር ላይ፤ ቋሚዎቹ በጥልቀት ካልተቀበሩ ግን በአንድ ግፊት ይወድቃሉ። ቦይ ከሆነ ጥልቀቱ ቢያንስ 1 ሜትር፣ ወርዱ 1 ሜትር ተኩል ይሁን፤ ግድግዳው ቀጥ ብሎ ይውረድ። ቦይ ብዙ ጊዜ የሚከሽፈው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው የጅማ ዝናብ ነው፤ ከክረምት በኋላ ግድግዳው ተንዶ ዳገት ይሆናል፣ ዳገት ደግሞ ጉማሬ በደንብ ይወጣል። በየመስከረሙ ካልተጠረገ ድካሙ ከንቱ ነው። ሁለተኛው የወጣው አፈር የሚደፋበት ቦታ ነው፤ በውሃው በኩል ከተቆለለ መረማመጃ ይሆነዋል፣ በማሳው በኩል ከሆነ ከፍታውን ይጨምራል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ባለ ሁለት ቦዩን መንገድ ፈልጉ። አጥሩ መንገዱን ቆርጦ ካለፈ ጉማሬው የለመደው ቦታ ላይ ደርሶ ይቆማል፣ ይገፋል፣ ከዚያም በአጥሩ ጫፍ ዞሮ የጎረቤትን ማሳ ያገኛል። የአንዱ አጥር ለሌላው መዘዝ የሚሆነው እንዲህ ነው። ማሳዎቹ በጋራ ታጥረው፣ መንገዱ ከውሃው እስከ ቀሪው ግጦሽ ድረስ ከ10 እስከ 20 ሜትር ስፋት ተትቶለት፣ እዚያ ላይ የሚበቅለው ሰርዶ ብቻ ከሆነ፣ ከብቱ ቀን ይግጥበታል፣ ጉማሬው ማታ።